በሠንጠረዡ ውስጥ የሌለው ከበሮ

እ.ኤ.አ. በ1991፣ ደርግ በወደቀበት ዓመት፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ አምራቾች በአንድ ሠንጠረዥ ተስማሙ። «ጀነራል ሚዲ» ይባላል። አንድ ኪቦርድ በየትኛው ቁጥር የትኛውን ድምፅ ማሰማት እንዳለበት የሚወስን ዝርዝር ነው። ለዜማ መሣሪያዎች 128፣ ለምት መሣሪያዎች ደግሞ 47 ቦታ ተመደበ። የኩባ ኮንጋና ቦንጎ፣ የብራዚል ኩዊካ፣ የጃፓን ታይኮ፣ የሕንድ ሲታር ገቡ። ከበሮ፣ ማሲንቆና ክራር የሉም። በክፋት የተደረገ አይመስልም፤ ገበያው የሚያውቀውን ድምፅ ነው የያዙት። ነገር ግን ሠንጠረዡ ዛሬም በርካሽ ኪቦርዶችና በብዙ ነፃ ሶፍትዌሮች ውስጥ አለ።

አሁን ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ እንሂድ። በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የታጠረው ይህ አገር፣ መካነ ሰላምን የያዘው ቦረና፣ ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ፣ በከበሮ ድህነት አይታማም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እንደ ዋንዛ ካለ ግንድ ተፈልፍሎ በሁለቱም አፉ ቆዳ ይወጠራል። ሰፊው አፍ መለኮትን፣ ጠባቡ ትስብእትን ያመለክታል ይላሉ ሊቃውንቱ። የአቋቋም ተማሪ መቋሚያውን ይዞ ዝማሜውን፣ ከዚያም ጸናጽሉን ሳያውቅ ከበሮ አይሰጠውም። በሙስሊሙ በኩል ድቤው አለ፤ ወዳጃ ላይ መንዙማ ከጭብጨባ ጋር የሚመራው እሱ ነው። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የአፄ ዮሐንስን የማጥመቅ ዘመቻ የተቃወሙት ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር በአማርኛ መንዙማ የደረሱ ሰው ነበሩ፤ በወሎ ግጥምና ድቤ ፖለቲካም ነበሩ ማለት ነው። የሠርጉ ደግሞ አታሞ ነው፤ የሴቶች መሣሪያ። (ነጋሪቱ ግን ከአደባባይ ጠፍቶ ስሙ ብቻ በ1934 ዓ.ም. ለተጀመረው የሕግ ጋዜጣ ቀርቷል። አዋጅ ማንበብ የሰለቸው አንባቢ ቢያንስ የከበሮ ስም እየጠራ መሆኑን ይወቅ።)

የማሽኑ ታሪክ ከዚህ ሁሉ በእጅጉ ያጠረ ነው። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ቲአር-808 የተባለውን የከበሮ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 አወጣ። ድምፁ ከእውነተኛ ከበሮ አይመሳሰልም ተብሎ ተናቀ፤ በሦስት ዓመት ውስጥም ምርቱ ቆመ። ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ ሲረክስ ግን ባንድ መቅጠር የማይችሉ የአሜሪካ ጥቁር ወጣቶች ገዙት፤ ሂፕ ሆፕም በእሱ ላይ ቆመ። በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር ብቻውን ቀዳ። አዲስ አበባም ውሎ አድሮ ወደዚያው ሄደች፤ ከሙሉ ባንድ አንድ ኪቦርድ ይረክሳልና። አድማጩ «የካሴት ድምፅ» የሚለው ደረቅ ምት የዚያ ሒሳብ ውጤት ነው። ብዙዎች እንደ ውድቀት ያዩታል፤ የኃይሉን ካሴት የሰማ ግን በዚህ ቶሎ አይስማማም።

ከዚያ ነፃው ዘመን መጣ። የድምፅ መቁረጫው ኦዳሲቲ እ.ኤ.አ. በ2000 ወጣ። ሃይድሮጅን የተባለው የከበሮ ፕሮግራምና ኤልኤምኤምኤስ ተከተሉ። ባርሴሎና ያለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ፍሪሳውንድን ከፈተ፤ ማንም ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጥበት፣ ማንም የሚወስድበት መጋዘን ነው። እኛ ዘንድ ግን ብዙው ወጣት የተማረው በነፃው ሳይሆን በተሰበረ «ፍሩቲ ሉፕስ» ነው። ያም ሆኖ ፍሬ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ድምፅን ከኮምፒውተር ምት ጋር አዋሕደው ሲያወጡ፣ እንደገና «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» የሚል ስም ሰጠው። አሳታሚያቸው ግን የዋሽንግተን ነበር።

ችግሩ ያለው ነፃ በሆነው ነገር ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት አራት ምት፣ አሥራ ስድስት ሳጥን ያሳያል። ጭክችካ ደግሞ በስድስት ይቆጠራል። ጀማሪው የአክስቱን የሠርግ ዘፈን ሊሠራበት ሲሞክር አልገጥም ይለዋል፤ ጥፋቱንም በራሱ ያደርጋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሃይድሮጅን ውስጥ የሳጥኑን ክፍፍል ወደ ሦስትዮሽ መቀየር ይቻላል። ይህንን በአማርኛ የሚነግረው ሰው ግን ማግኘት አለበት። ቀጥሎ ድምፁ ይመጣል፤ ምቱ ቢስተካከልም የሚመታው ኮንጋ ነው።

ታዲያ ለምን የቦረናን ከበሮ ቀድቶ አለማስቀመጥ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የማኅሌት ከበሮ ያለ ካህናቱ ፈቃድ ተቀድቶ የጭፈራ ቤት ዘፈን ውስጥ ቢገባ የሚነሣው ቁጣ ተገቢ ነው፤ ድቤውም እንደዚያው። ነፃ ፈቃድ ያለው ድምፅ አንዴ ከተለቀቀ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ስለዚህ መነሻው አታሞ ቢሆን ይሻላል፤ የሠርግ ነው፣ ለጨዋታ የተሠራ ነው። የምትመታዋን ሴት ፈቃድ መጠየቅ፣ ስሟ እንዲጠቀስ ከፈለገች ደግሞ ስም መጥቀስን የሚያስገድደውን ፈቃድ መምረጥ ይቻላል። መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሩቅ አይደለም።

ኢንተርኔቱስ? በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በመስመር ላይ ብቻ የሚሠሩ ነፃ አገልግሎቶች በዚያ ቀን ነፃም፣ አገልግሎትም መሆናቸው ቀረ። ኦዳሲቲና ሃይድሮጅን ግን አንዴ ከተጫኑ ኔትወርክ አይጠይቁም። አንድ አታሞ፣ አራት ዓይነት ምት፣ ለእያንዳንዱ ከለስላሳ እስከ ኃይለኛ አምስት ደረጃ፦ 20 ቅጂ ነው። እያንዳንዱ አንድ ሰከንድ ቢሆን፣ በአንድ ቻናልና በሲዲ ጥራት ተቀድቶ ጠቅላላው 2 ሜጋባይት አይሞላም። በፍላሽ ይሄዳል፣ በብሉቱዝም ይላካል።