ቁስል ያጠቡ እጆች



ዛሬ የማካፍላችሁ ታሪክ የጀመረው በእኔ ጥፋት ነው። የምኖረውና በነርስነት የማገለግለው ወለንጪቲ ነው። ወለንጪቲን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዳማ ወደ መተሐራና አዋሽ በሚወስደው መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዛችሁ የምታገኟት ሞቃት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። የጅቡቲ ተሳቢዎች ቀንና ሌሊት ያልፉባታል። የቦሰት ተራራ ደግሞ ከአጠገቧ ቆሞ ያያታል።

እሑድ በጉባኤ መዝሙር መርቼ ነበር። እንባዬ እስኪወርድ ዘምሬአለሁ። በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስገባ የሕመምተኛው ሰልፍ ከበሩ አልፎ ግቢው ድረስ ተዘርግቷል። ከተሰለፉት መካከል ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አንዲት እናት በምርኩዝ ተደግፈው ገቡ። እግራቸው ላይ ያለው ቁስል ከከረመ ቆይቷል። አጠብኩት፣ ቀባሁት፣ በፋሻ አሰርኩት። በሕክምናው በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። ግን አንድም ጊዜ ቀና ብዬ ፊታቸውን አላየሁም። ገና ጫማቸውን ሳያጠልቁ «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ።

እናትየዋ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ሳይቆጡ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እጅህስ ጥሩ ነው። ዓይንህ ግን እኔ ላይ የለም።»

ከዚያም ቆመው ጥቂት ነገር አወጉኝ። በልጅነታቸው የፈላ ውኃ እግራቸው ላይ ተደፍቶ ነበር። አባታቸው ከወለንጪቲ ባቡር አሳፍረው ናዝሬት ሚሲዮን ሆስፒታል ወሰዷቸው። «እዚያ አንድ ድሬሰር ነበር» አሉኝ። «ስሜን ጠየቀኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በስሜ ነው የሚጠራኝ። ፋሻውን አስሮ ሲጨርስ ዓይኑን ይጨፍንና ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ምን እንደሚል አልሰማሁም። ግን ያ ሰው እስካሁን ከልቤ አልወጣም።»

እኔ ስማቸውን እንኳ ካርዱ ላይ ብቻ ነበር ያየሁት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ድሬሰር ማን ይሆን? ያስተማሩትስ እነማን ናቸው? ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢያችን የወንጌል ታሪክ ያነበብኩትንና ልቤን የነካውን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

የጥጥ መዳመጫው ሆስፒታል ሆነ

የምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በኋላ ናዝሬት የተባለችው አዳማም፣ ወለንጪቲም፣ መተሐራም የባቡር ጣቢያ ከተሞች ሆኑ። የስምጥ ሸለቆ ሕዝብ እህሉንም፣ ከብቱንም፣ ሕመምተኛውንም ይዞ በዚያ ሐዲድ ላይ ይመላለስ ጀመር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሪቱ ቁስለኛ ነበረች። ሐኪም ጥቂት፣ መድኃኒትም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዚያ ጊዜ የሜኖናይት ክርስቲያኖች ለእርዳታ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1946 ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ከፈቱ። ሆስፒታሉ የተጀመረው ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ስሙም በጣሊያን ዘመን በሸዋ ሲዋጉ በወደቁት አርበኛ በኃይለ ማርያም ማሞ ተሰየመ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ብለን የምንጠራው የዚያ ቤት ተከታይ ነው።

ሆስፒታሉ ሰው ማከም ብቻ ሳይሆን ሰው ማሠልጠንም ነበረበት። ስለዚህ የድሬሰሮች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ወጣቶች ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት ማደል ተማሩ። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በኋላ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችና ሽማግሌዎች ሆኑ። ስለዚህ በአካባቢያችን የመጀመሪያዎቹን የወንጌል አገልጋዮች የምትፈልጉ ከሆነ፣ አንዳንዶቹን የምታገኟቸው መድረክ ላይ ሳይሆን ነጭ ጋውን ለብሰው ጎንበስ ብለው ነው።

መስበክ ያልተፈቀደበት ዘመን

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን አንድ ነገር አለ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች ሥራ የወጣው ድንጋጌ አገሩን በሁለት ከፍሎት ነበር። አንዱ ሚሲዮኖች እምነታቸውን እንዲያስተምሩ የተፈቀደበት ክፍት ክልል ሲሆን ሌላው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ክልል ነው። በሁለተኛው ክልል ሚሲዮኖች ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላሉ፤ ሰውን ወደ ራሳቸው ቤተ እምነት መሳብ ግን አይፈቀድላቸውም። ናዝሬት የነበረችው በዚህ በተዘጋው ክልል ውስጥ ነው።

እስቲ አስቡት። ወንጌልን ይዘህ ባሕር አቋርጠህ መጥተሃል፤ ግን መስበክ አልተፈቀደልህም። የቀረህ ሥራህ ብቻ ነው። ቁስሉን በደንብ ታጥባለህ። ሌሊት ለተጠራህበት ሕመምተኛ ትነሣለህ። ድሃውንና ሹሙን በአንድ ዓይን ታያለህ። ሰው «ይህ ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅ ያን ጊዜ መልስ ትሰጣለህ። ሐዋርያው ጴጥሮስም በውስጣችን ስላለው ተስፋ ለሚጠይቀን ሁሉ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን መክሮናል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ግን የማይጠየቅ ኑሮ ከኖርን ማን ይጠይቀናል?

እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች አዲስ አበባ ላይ ተጠመቁ። ከዚያ ትንሽ ጅማሬ የበቀለችው ቤተ ክርስቲያን መሠረተ ክርስቶስ የሚለውን ስም የወሰደችው ከተመሠረተው በቀር ሌላ መሠረት የለም ከሚለው ከሐዋርያው ጳውሎስ ትምህርት ነው (1ኛ ቆሮ. 3፥11)።

እንግሊዝኛ የፈለጉ ተማሪዎች

በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። የናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል ፈለጉ። ፈተና ማለፍ ነበረባቸው፣ ሥራ መያዝ ነበረባቸው። ስለዚህ ከሚሲዮኑ ሰዎች ወደ አንዱ ሄደው አስተምረን አሉት። እርሱም መጽሐፍ ቅዱስን መማሪያ አድርጎ አስተማራቸው። ሰዋስው ሊማሩ የገቡት ልጆች ኢየሱስን አገኙ። «ሰማያዊ ብርሃን» ተብሎ የሚታወቀው የናዝሬት ወጣቶች እንቅስቃሴ የተነሣው ከዚህ ነው። እሳቱ ከናዝሬት አልፎ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ በኋላም ብዙዎቹ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብርታት ሆኑ።

ልጆቹ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ደብተርና ጥሩ ውጤት። እግዚአብሔር ግን በዚያ በትንሹ ፍላጎታቸው በር ገባ። ሳምራዊቷም ሴት ወደ ጉድጓዱ የመጣችው ውኃ ልትቀዳ ነበር እንጂ መሲሑን ልትፈልግ አልነበረም (ዮሐ. 4)።

በሩ ሲታሸግ

ከዚያ ደርግ መጣ። ብዙ ቤተ እምነቶች ተገፉ፤ እስርና ግርፋት በየቦታው ሆነ። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። እኚህ አባት ወደ መጋቢነት ከመምጣታቸው በፊት በወጣትነታቸው ነቀምት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። ወንጌል ለሰው ነፍስም ለሥጋም ነው ብለው ሲሟገቱ የተናገሩት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ታማሚ ያየ እጅ ነበራቸው።

ጥር 16 ቀን 1974 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የመሠረተ ክርስቶስ ሆነ። አብያተ ክርስቲያናቱ ታሸጉ፣ ንብረትና የባንክ ሒሳብ ተወሰደ። ናዝሬት ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚም ተወረሰ። መሪዎች ታሰሩ፤ ከመካከላቸው ከአራት ዓመት በላይ በእስር የቆዩ አሉ። በዚያን ጊዜ የምእመናኑ ቁጥር 5,000 ያህል ነበር።

መድረክ የለም፣ ማይክ የለም፣ የእሑድ ጉባኤ የለም። ታዲያ ምን ቀረ? ቡና ቀረ። ለቅሶ ቀረ። ሠርግ ቀረ። የልጅ ልደት ቀረ። ወገኖች ከአምስት እስከ ሰባት ሆነው በየቤቱ ተሰበሰቡ። አንድ ቤት እንዳይታወቅ ቦታ ይቀያይሩ ነበር። ድምፅ እንዳይወጣ በሹክሹክታ ጸለዩ። እናቶች ቤታቸውን ከፈቱ፤ ጎረቤት ሲያይ የቡና ጭስ ነው፣ ውስጡ ግን የእግዚአብሔር ቃል ይነበባል። የደርግ ዘመን ሲያልፍና በሮቹ ሲከፈቱ የዚያች ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ።

ይህን ስል መከራን ላሞግስ አይደለም። በዚያ ዘመን የተሰበሩ ሰዎች አሉ፤ ጤናቸውን ያጡ አሉ፤ አባታቸውን ሳያዩ ያደጉ ልጆች አሉ። እኔ የምለው፣ ሕንፃው ሲወሰድ ያልተወሰደ ነገር ነበር ነው። ምክንያቱም እምነታቸው መጀመሪያም ሕንፃ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ነበር፣ ክፍል ውስጥ ነበር፣ ጓዳ ውስጥ ነበር። መንግሥት በር ሊያሽግ ይችላል፤ አንዲት እናት ለጎረቤቷ ቡና የምታፈላበትን ጀበና ግን እንዴት አድርጎ ያሽጋል?

የወኅኒው ጠባቂ ምን አደረገ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ላይ ያለውን የፊልጵስዩሱን የወኅኒ ጠባቂ ሁላችን እናውቀዋለን። ስለ መዳን የጠየቀውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰብከንበታል። ግን ካመነ በኋላ ያደረገውን ልብ ብላችሁታል? በዚያች ሌሊት ጳውሎስንና ሲላስን ወስዶ ቁስላቸውን አጠበላቸው (ቁ. 33)። ከዚያ ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ፤ ማዕድም አቀረበላቸው። አዲሱ አማኝ ገና መዝሙር አልተማረም፣ ምስክርነት መድረክ ላይ አልቆመም። የእምነቱ የመጀመሪያ ሥራ ውኃና ጨርቅ ይዞ ቁስል ማጠብ ነበር። በግርፋት የቆሰለውን ጀርባ ቀና ብሎ አየው። ትናንት ለእርሱ እስረኛ ብቻ የነበሩት ሰዎች ዛሬ ወንድሞቹ ሆኑ።

ሌላም ልጨምር። ከተማችን አዳማ ናዝሬት ስትባል ስሙን ስንሰማ ብናድግም ትርጉሙን ብዙም አላሰብንበትም። ጌታችን ኢየሱስ አገልግሎቱን ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር (ሉቃ. 3፥23)። ከዚያ በፊት የነበሩትን አብዛኞቹን ዓመታት ያሳለፈው በገሊላዋ ናዝሬት ነው። ሰዎች የሚያውቁት ጸራቢ እንደሆነ ነው (ማር. 6፥3)። አብ በእርሱ ደስ መሰኘቱን በዮርዳኖስ ሲገልጥ ኢየሱስ ገና አንድም ተአምር አላደረገም ነበር። የናዝሬቱ የእንጨት ሥራ በአብ ፊት ከንቱ ጊዜ አልነበረም።

ወደ ወለንጪቲ ስመለስ

እኔ የምኖረው በነፃነት ዘመን ነው። ጉባኤያችን ጣሪያ አለው፣ ድምፅ ማጉያ አለው። ማንም «አትስበክ» ብሎኝ አያውቅም። ያ ድሬሰር ግን መስበክ ባልተፈቀደለት ዘመን ከስድሳ ዓመት በኋላ የሚታወስ ነገር በአንዲት ሕፃን ልብ ጥሎ አለፈ። እኔ ሁሉ ተፈቅዶልኝ «ቀጣይ!» እላለሁ። ወገኖቼ፣ ይህ ከበደኝ።

እናትየዋ ፋሻ ለመቀየር በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። በስማቸው ጠራኋቸው። ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ሳቁና «ዛሬ ዓይንህም መጥቷል» አሉኝ። እምነታቸውን አልጠየቅኋቸውም፣ እርሳቸውም አልነገሩኝም። ፋሻውን አስሬ ስጨርስ ግን ለአፍታ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቁስሉ ለመዳን ብዙ ሳምንታት ፈጀ። ሰልፉም አላጠረም፤ አንዳንድ ቀን አሁንም ይሰለቸኛል። በዚያን ጊዜ ያንን ስሙን የማላውቀውን ድሬሰር አስባለሁ።

አንተ ወንድሜ፣ ምናልባት ባጃጅ ትነዳ ይሆናል። አንቺ እኅቴ፣ ጤፍ ትመዝኚ፣ ሽንኩርት ትሸጪ፣ ልጆች ታስተምሪ ይሆናል። ሰኞ ጠዋት የሚጠብቅህ ሰው ማን ነው? ስሙን ታውቀዋለህ? ሚዛንሽ ትክክል ነው? የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ ሆናችሁ ከልባችሁ አድርጉት ተብለናል (ቆላ. 3፥23)። ይህ ቃል መጀመሪያ የተጻፈው ለባሪያዎች እንደነበር አትርሱ፤ ሥራቸውን ላልመረጡና ምስጋና ለማያገኙ ሰዎች ማለት ነው።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ በእሑዱ መዝሙሬና በሰኞው ሥራዬ መካከል ያቆምኩትን ግድግዳ አፍርስልኝ። ከእኛ በፊት በዚህ ምድር ቁስል ላጠቡ፣ ደብተር ይዘው ላስተማሩ፣ በሹክሹክታ ለጸለዩ አባቶችና እናቶች አመሰግንሃለሁ። ዛሬ በፊቴ የሚቆመውን ሰው ቀና ብዬ እንዳይ እርዳኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።