የእንግሊዝኛው «አይደል?» በሐኪም ፊት

አማርኛ አንድ «አይደል?» ይበቃዋል። «ያምሃል፣ አይደል?»፣ «ትናንት አልመጣችም፣ አይደል?»፣ «ነገ ትመለሳላችሁ፣ አይደል?» ሲባል ጊዜውም ባለቤቱም ይለዋወጣል፤ ማሳረጊያው ግን ያው ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ተናጋሪው ረዳት ግሱን ነጥሎ ማውጣት፣ አዎንታውን ወደ አሉታ፣ አሉታውን ወደ አዎንታ መገልበጥ፣ ባለቤቱንም በተውላጠ ስም መተካት አለበት፤ ያውም ንግግሩን ሳያቋርጥ።

በፈተና ወረቀት ላይ ይህን ማሳረጊያ፣ ማለትም ክዌስሽን ታግን፣ በትክክል የሞላ ተማሪ፣ ሲያወራ ግን ለሁሉም «ኢዝንት ኢት?» የሚለው ለዚህ ነው። ይህን ከስንፍና መቁጠር አይገባም። በሕንድ እንግሊዝኛ «ኢዝንት ኢት?»፣ በለንደን ወጣቶች አፍ ደግሞ «ኢኒት?» ለማንኛውም ዓረፍተ ነገር ሲያገለግሉ ይሰማል። ተማሪው ደንቡን ያውቀዋል፤ የጎደለው ደንቡ አፉ ላይ እስኪለመድ የሚደጋገምበት ወሬ ነው።

የጤና ወሬ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው። ሕመምተኛን የሚጠይቅ ሰው ያለፈውን፣ ያሁኑንና የሚመጣውን አከታትሎ ያነሳል፤ ረዳት ግሶቹም አብረው ይፈራረቃሉ። «ዩ ሃቭ ቢን ኮፊንግ ሲንስ መንዴይ፣ ሃቨንት ዩ?» ብሎ የጀመረ፣ «ዩ ካን ስሊፕ፣ ካንት ዩ?» ብሎ ይቀጥላል፤ ሲሰናበትም «ዩ ዊል ሲ ኤ ዶክተር፣ ዎንት ዩ?» ይላል። አጥሮ የሚነገረው ግስም እዚሁ ይፈተናል። «ሺዝ ሲክ» የሚለው «ኢዝንት ሺ?»ን ያስከትላል፤ «ሺዝ ጋት ኤ ፊቨር» ግን «ሃዝንት ሺ?»ን ይፈልጋል። ለጆሮ ሁለቱም «ሺዝ» ናቸው።

ትልቁ ጉዳይ ግን መልሱ ላይ ነው፤ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም እሱ ነው። ነርሷ «ዩ አረንት አለርጂክ ቱ ፔኒሲሊን፣ አር ዩ?» ብትል፣ በአማርኛ የሚያስብ ታካሚ የሚመዝነው የእሷን አባባል ነው። አለርጂ ከሌለበት «ልክ ነሽ፣ የለብኝም» ለማለት «የስ» ይላል። ካለበት ደግሞ «አይ፣ አለብኝ» ለማለት «ኖ» ይላል። ነርሷ የምትሰማው ተገላቢጦሹን ነው፤ በእንግሊዝኛ «የስ» እና «ኖ» የሚከተሉት የነገሩን እውነታ እንጂ የጠያቂውን አባባል አይደለም። የመጀመሪያው ስህተት የሚጠቅም መድኃኒት ያስከለክላል። ሁለተኛው የማይስማማ መድኃኒት ሊያሰጥ ይችላል፤ የፔኒሲሊን አለርጂ ደግሞ ሕይወት እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል።

የአጠያየቅ ስልት መልስን ምን ያህል እንደሚመራ እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው ጆን ሄሪቴጅና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች ዘንድ ያደረጉት ጥናት አሳይቷል። ሐኪሞቹ ሌላ የሚያነሱት ችግር እንዳለ ታካሚዎቻቸውን ሲጠይቁ «ሰምቲንግ ኤልስ» ካሉ፣ ከአንድ በላይ ችግር ይዘው ከመጡት መካከል ሳይነሳ የሚቀረው ጉዳይ በ78 በመቶ ቀነሰ። «ኤኒቲንግ ኤልስ» ሲባል ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። አንዲት ቃል «የለም» የሚለውን መልስ መጋበዝ ከቻለች፣ «ዩ ዶንት ስሞክ፣ ዱ ዩ?» የሚለው ጥያቄማ ታካሚውን ወዴት እንደሚገፋው ግልጽ ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ከመልሱ ቢጀምር ይሻላል። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አንዷ ሕመምተኛ ናት፤ ምን እንደሚያማትና የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማት ካርዷ ላይ ተጽፏል። ነርስ የሆነው ጓደኛዋ የካርዱን ግማሽ ብቻ አንብቧል። ያነበበውን ሲያረጋግጥ ማሳረጊያው ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ያላነበበውን ሲጠይቅ ከፍ ያደርጋል፤ እንግሊዝኛ እርግጠኝነትንና ጥርጣሬን የሚለየው በዚህ ነው። ሕመምተኛዋ በባዶ «የስ» ወይም «ኖ» ማለፍ አይፈቀድላትም፤ «ኖ፣ አይ አም ኖት» ወይም «የስ፣ አይ አም» ማለት አለባት። ነርሱ የሰማውን ይጽፋል፤ የጻፈውም ከካርዱ ጋር ይመሳከራል። ልዩነት በተገኘበት ቦታ ሁለቱ ሚና ተለዋውጠው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ይጠያየቃሉ።