ቤቶች! ደብዳቤ አለ

ሰው ቤት ስንሄድ ዘው ብለን አንገባም። ደጅ ቆመን “ቤቶች!” እንላለን፤ “ይግቡ” እስክንባል እንጠብቃለን። ደንቧ ትንሽ ናት፤ የምትለው ግን ትልቅ ነገር ነው፦ በሩን የሚከፍተው ባለቤቱ ነው። ኮምፒውተርም አንድ ሰሞን ይህን ደንብ ያውቅ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ነገሩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1965 አካባቢ ነው። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በየተርሚናላቸው ይጋሩ ነበር። ሉዊ ፑዛን፣ ግሌንዳ ሽሮደርና ፓት ክሪስማን አንዱ ተጠቃሚ ለሌላው የግል መልእክት የሚተውበት ትእዛዝ ይኑር የሚል አጭር ማስታወሻ አዘጋጁ። ልብ በሉ፤ መልእክቱ የሚደርሰው ተቀባዩ በተመቸው ጊዜ እንዲሆን ነው ያሰቡት። ትእዛዙን የጻፉት ቶም ቫን ቭሌክና ኖኤል ሞሪስ ሲሆኑ፣ መልእክቱ የሚጠራቀምበት ፋይል “የፖስታ ሣጥን” ተባለ። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ሲገባ ሣጥኑ ባዶ እንዳልሆነ ይነገረዋል፤ በቃ። ፖስታ ቤት ሄዶ ሣጥኑን በገዛ ቁልፉ ለሚከፍት አዲስ አበቤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደብዳቤው አይከተለውም፤ እሱ ይሄድለታል።

ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት ይህን ጨዋነት ወረሰ። ትእዛዛችንን የሚቀበለው ፕሮግራም፣ ሼል የሚሉት፣ ሣጥኑን በየጊዜው አየት ያደርጋል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ባሽ የተባለው ሼል ሌላ ካልታዘዘ በቀር የሚጠብቀው 60 ሰከንድ ነው። ግን የጀመራችሁት ሥራ አልቆ ቀጣዩን ትእዛዝ የምትጽፉበት መስመር እስኪመጣ ድረስ ትንፍሽ አይልም። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ጨዋታቸውን እስኪጨርሱ የሚጠብቅ ልጅ በሉት።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው መልእክተኛ ምን ይዞ መጣ ከማለቱ በፊት መቼ ገባ ይላል። በተውኔት አንድ ትዕይንት ቀድሞ የገባ መልእክተኛ ታሪኩን ሌላ ያደርገዋል። ኮምፒውተር ላይ ይህን ሰዓት ያፋለሰው “ቢፍ” ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከበርክሌይ ዩኒክስ ጋር የወጣ ፕሮግራም ሲሆን፣ ስሙ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የታወቀ የአንድ ውሻ ስም ነው። ውሻው ፖስተኛ ሲመጣ ይጮህ ስለነበር ነው የሚል ወሬ ተነዛ፤ የፕሮግራሙ ጸሐፊ ግን ሐሰት ነው ብሏል። ወሬው ሐሰት ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ በእርግጥ ይጮሃል፤ በሥራችሁ መሐል ድንገት የደብዳቤውን የመጀመሪያ መስመሮች ስክሪኑ ላይ ይዘረግፋል። ሆኖም “ቢፍ ዋይ” ብሎ የሚፈቅድ፣ “ቢፍ ኤን” ብሎ ዝም የሚያሰኝ ተጠቃሚው ራሱ ነበር። ውሻው ጌታ ነበረው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ኤስኤስኤች የተባለውን፣ ከሩቅ ሰርቨር ውስጥ በምስጢር መግቢያ ዘዴ ሲሠራም ልማዱ አልጠፋም። ዛሬም ሊኑክስ ላይ የሰርቨሩ ኃላፊ በመግቢያው ደንብ ፋይል አንዲት መስመር ቢጨምር፣ ከሌላ አገር የገባ ሰው እንኳ በሩን ሲያልፍ “አዲስ ደብዳቤ አለዎት” ይባላል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፤ ይህ የሚያየው እዚያው ማሽን ላይ ያለውን ሣጥን ነው። ደብዳቤያችሁ የሚያርፈው ሌላ ኩባንያ ዘንድ ከሆነ መስመሯ ድምጿን አታሰማም።

ዛሬ ግን እኛ ወደ ደብዳቤው መሄድ ትተናል፤ ስልኩ ኪሳችን ውስጥ ሆኖ ይጠራናል። ለቅሶ ቤት ይንጫረራል፤ ማዕድ ላይ ይንቀጠቀጣል። ማጥፊያው የለም አልልም፤ አለ። ልዩነቱ ወዲህ ነው፦ ቢፍ “ጩህ” እስኪባል ዝም ይላል፤ የዛሬው “ዝም በል” እስኪባል ይጮሃል። የያኔዎቹ ሰዎች ተቀባዩ በተመቸው ጊዜ ብለው ነበር። እስቲ ቆጥራችሁ ንገሩኝ፤ ዛሬ ስልካችሁ ከጮኸው ስንቱ ነው በተመቻችሁ ጊዜ የመጣው?