ፋሪናታ፡- ያለ ስንዴ፣ ያለ ጤፍ

ፋሪናታ በኢጣሊያዋ የወደብ ከተማ ጄኖቫ የሚዘወተር የሽምብራ ቂጣ ነው። የፈረንሳይዋ ኒስ ሰዎች ሶካ ይሉታል። እርሾ አይፈልግም።

150 ግራም የሽምብራ ዱቄት በ450 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጥና ቢያንስ 4 ሰዓት ይቀመጣል። የተንሳፈፈው አረፋ ይገፈፋል። ጨውና 4 የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት ተጨምሮበት ዘይት በተቀባ ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ይፈስሳል። 250 ዲግሪ በጋለ ምድጃ ላዩ ቀላ እስኪል ይጋገራል። ቁንዶ በርበሬ ነስንሶ በትኩሱ መብላት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ያን ያህል አይጥምም።

የሽሮ ዱቄት ቅመም ስላለበት ለዚህ አይሆንም። ቤት ውስጥ የሴሊያክ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ጥንቃቄው የሚጀምረው ከወፍጮ ቤት ነው። ስንዴና ገብስ በሚፈጭበት ወፍጮ ያለፈ ሽምብራ ግሉተን ይዞ ይመጣል። ሽምብራውን በሚገባ ለቅሞ፣ ስንዴ ባልነካው መፍጫ እቤት ማስፈጨት ይሻላል።