የባሕር ኃይል አባላት የሥራ ውጥረት፡ አለካኩና በመዝናኛ የሚቀንስበት መንገድ

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ምጽዋን ማዕከል አድርጎ ተመሠረተ፤ በ1996 ፈርሶ ከ2018 በኋላ እንደገና መደራጀት ጀመረ። የመርከብ ላይ ግዳጅ ከቤተሰብ መራቅን፣ ጠባብ መኖሪያን፣ የሞተር ጩኸትንና በፈረቃ የሚቆራረጥ እንቅልፍን ስለሚያስከትል አባላትን ለአእምሮ ውጥረት ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ በእንጅባራና አካባቢዋ ለሚኖሩ የቀድሞ አባላት፣ ለፈቃድ ለመጡና ለቤተሰቦቻቸው ተዘጋጅቷል።

ውጥረት እንዴት ይለካል?

በስፋት ከሚሠራባቸው መለኪያዎች አንዱ ሼልደን ኮኸንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት መጠይቅ ነው። 10 ጥያቄዎች ያሉት ዕትም ያለፈውን አንድ ወር ስሜት ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ በጎ ስሜትን የሚጠይቁት 4 ጥያቄዎች ነጥባቸው ተገልብጦ ይደመራል። በተለምዶ እስከ 13 ዝቅተኛ፣ ከ14 እስከ 26 መካከለኛ፣ ከ27 እስከ 40 ከፍተኛ ተብሎ ይነበባል። ውጤቱ አመላካች እንጂ የሕመም ምርመራ አይደለም። ከግዳጅ በፊትና በኋላ ተለክቶ ሲነጻጸር ይበልጥ ይጠቅማል።

መዝናኛ ምን ይረዳል?

የአካል እንቅስቃሴ እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ከሰው ጋር መዋል ብቸኝነትን ይቀንሳል። በእንጅባራ አቅራቢያ በሚገኘው የዘንገና ሐይቅ ዙሪያ በእግር መጓዝ ወጪ የማይጠይቅ አማራጭ ነው፤ ሐይቁ እጅግ ጥልቅ በመሆኑ ግን ለብቻ መዋኘት አይመከርም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም የአድዋ አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን በመዘከር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ያከብራል፤ ፈረስ መጋለብም ሆነ በበዓሉ መገኘት ከወገን ጋር ያገናኛል። በአንጻሩ አልኮልና ጫት እንቅልፍን ስለሚያውኩ ውጥረትን ያባብሳሉ።

ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

መዝናኛ ሕክምናን አይተካም። የእንቅልፍ እጦት፣ ቅዠት፣ ቁጣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ በግዳጅ ላይ ያሉ አባላት ወደ ክፍላቸው የጤና ባለሙያ፣ ሌሎች በአቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መቅረብ ይኖርባቸዋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግለሰቡን ብቻውን ሳይተዉ፣ የጦር መሣሪያና መድኃኒት ከአጠገቡ አርቀው፣ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ያድርሱት። እርዳታ መጠየቅ ራስንም ቤተሰብንም መጠበቅ ነው።