መጽሐፉ በቦታው፣ ንባቡ በየአገሩ

ቀደምት አባቶቻችን መጽሐፍን የሚጠብቁት በቁልፍ ብቻ አልነበረም፤ በግዝትም ጭምር እንጂ። በብዙ ብራና ላይ ሰርቆ የወሰደው ወይም ፍቆ ያጠፋው ሁሉ የተገዘተ ይሁን የሚል ማስጠንቀቂያ እናገኛለን። አይፈረድባቸውም። ቆዳው ተፍቆ፣ ቀለሙ ተበጥብጦ፣ ፊደሉ አንድ በአንድ ተጽፎ የተገኘ ሀብት ነውና። ለመሆኑ መጽሐፉን ሳያጡ ንባቡን ለሌላው ማካፈል ይቻላልን?

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ መልሱን ሰጥቷል። በየገዳሙና በየደብሩ የነበሩ መጻሕፍት ፎቶግራፍ እየተነሡ ለባለቤቶቻቸው ተመለሱ። ከ9,000 በላይ የሚሆኑት በፊልም ተቀርጸው፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ተቀመጠ። የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ብዙ ዕድሜያቸውን በእነዚህ መጻሕፍት ላይ አሳለፉ። እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ካታሎግ ባይኖር ኖሮ ፊልሙ አፍ የሌለው ሀብት ሆኖ በቀረ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹን ማንም ሰው ስሙን አስመዝግቦ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያነባቸዋል።

ከዚህ ታሪክ እኔ የምወስደው ትምህርት፣ በር መክፈት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ በሩ መከፈቱን መንገር ደግሞ ሌላ ሥራ መሆኑን ነው።

ከብራናው ወደ ዘመናችን ጥናት እንለፍና ደብረ ሲናን እንይ። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ፣ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከጣርማ በር ግርጌ ያለው መሬት ተንሸራቶ የገበሬውን ቤትና ማሳ ይዞ ሄደ። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ይህንኑ የደብረ ሲና መንሸራተት በሳተላይት ምስል የመረመረ ጥናት «ሪሞት ሴንሲንግ» በተባለ መጽሔት ታተመ። ጽሑፉ ሳንቲም ሳይከፈልበት የሚነበብ ነው። ነገር ግን የተጻፈው በባለሙያ እንግሊዝኛ ነው። ቤቱ የተናደበት ገበሬ፣ ወይም ልጁን የሚያስተምረው መምህር፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ መኖሩን ማን ይነግረዋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 የዚያን ጊዜው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የሚደነግግ ፖሊሲ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሸክም በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ትከሻ ላይ ነው። የመመረቂያ ጽሑፎችን ሰብስቦ በኢንተርኔት ማኖር፣ አዲስ ተማሪን የፍለጋ ዘዴ ማስተማር፣ በየዓመቱ በጥቅምት በዓለም ዙሪያ በሚከበረው የክፍት ተደራሽነት ሳምንት መድረክ ማዘጋጀት የተለመዱ መንገዶች ናቸው።

እኔ ግን አንድ እጨምራለሁ። ስለ አንድ ወረዳ የተጻፈው ሁሉ በአማርኛ አጠር ተደርጎ፣ በወረቀት ታትሞ፣ ለዚያው ወረዳ ትምህርት ቤትና ግብርና ጽሕፈት ቤት ይላክ። ስለ ደብረ ሲና መሬት የታወቀው ነገር መጀመሪያ ሊደርስ የሚገባው በዚያ መሬት ላይ ለሚያድረው ሰው ነውና።