መሸብኝ ያሉ እናት

ጆሮ ስጡኝማ፣ የአንድ ወዳጄን ነገር ላውጋችሁ።

እናቱ የደሴ ሰው ነበሩ፤ በስተርጅና ግን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ቀን ቀን ደህና ናቸው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ቀሚስና አንድ እግር ጫማ በነጠላ ቋጥረው በር ላይ ይቆማሉ። «መሸብኝ፤ አባቴ ይቆጣል፣ ቤቴ ልግባ» ይላሉ። አባታቸው ከሞቱ ስንት ዘመን! ልጅየው ጋቢ ይደርብላቸውና ቋጠሮውን ተሸክሞ፣ ሰፈሩን አዙሮ ይመልሳቸዋል። እንዲህ እያሉ አንድ ክረምት አረፉ።

ዘመድ አዝማድ «እርጅና ነው» አለ። እርጅና አይደለም! ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ይህን ሕመም ለሙያ ባልደረቦቹ ሲገልጽ፣ ታካሚው የሞተችው ገና በ55 ዓመቷ ነበር። አንጎሏ ውስጥ የፕሮቲን ክምችትና የተወሳሰበ ክር አገኘ። በሽታ ነው፤ በሽታ ደግሞ ምርምር ይፈልጋል።

የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር «ረጅሙ ቀን» የሚባል የገንዘብ ማሰባሰቢያ አለው። ብርሃን እጅግ በሚረዝምበት የሰኔ ቀን አካባቢ፣ ሁሉም የሚወደውን እየሠራ ለምርምርና ለአስታማሚዎች ድጋፍ ይለምናል። ወዳጄ ብስክሌቱን አወጣ። ምሽት የሚዘገይበት ቀን ነዋ! ለእናቱ ሌላ ምን ቀን ይመረጣል?

ጎሕ ሲቀድ ከሸርሊንግተን ተነሣ። መንገዱ ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ዛሬ እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር የሚዘልቅ አስፋልት ሆኗል። ፎልስ ቸርችን፣ ቪየናን አለፈ። ከሊስበርግ ወዲያ ዳገቱ ያዘው፤ ለባቡር የተሠራ ዳገት ነውና አይበረታም፣ ግን አያልቅም። ፐርሰልቪል ውሃ ጠጥቶ ዞረ። ሸርሊንግተን ሲመለስ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ለጉዞው ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንዲት እናት ያዙት።

«መድኃኒት ተገኘለት ወይ፣ ልጄ?»

እውነቱን ነገራቸው። ሌካኔማብ የሚባል መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል፤ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ሕመሙን ያዘገየዋል እንጂ አያድንም።

«ለእናትህማ አልደረሰላትም።» ከቦርሳቸው 20 ዶላር አወጡ። «ለእኔ ይድረስልኝ። ትናንት ምድጃውን ሳላጠፋ ወጥቻለሁ። ለልጆቼ እንዳትነግርብኝ።»

«አልነግርም፤ ግን እኔው ራሴ ሐኪም ዘንድ ልውሰድዎ» አላቸው።

ለማክሰኞ ተቀጣጠሩ።